የቀያፋ ስሌት



በስቅለት ዕለት የጌታችን ሕማማት ከዮሐንስ ወንጌል ሲነበብ፣ ወንጌላዊው ስለ ቀያፋ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ቢሞት ይሻላል ብሎ የመከረው እርሱ እንደ ነበረ ያስታውሰናል (ዮሐ. 18፥14)። ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፈዋለን። ምክሩ ወደ ተሰጠበት ሸንጎ (ዮሐ. 11፥47-53) ተመልሶ ያነበበ ሰው ግን ንግግሩ የእብድ ንግግር እንዳልነበረ ይረዳል። ሮማውያን መጥተው መቅደሱንና ሕዝቡን ያጠፋሉ የሚል ፍርሃት ነበረ። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን በእርግጥ ኢየሩሳሌምን አፍርሰዋል። ሊቀ ካህናቱ በአንድ ወገን አንድ ሰው፣ በሌላው ወገን መላውን ሕዝብ አስቀምጦ መዘነ። ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ እናውቃለን።

ይህን አመዛዘን በሥርዓት ያደራጀው ፍልስፍና ዩቲሊታሪያኒዝም ይባላል። ከመሥራቾቹ አንዱ እንግሊዛዊው ጀረሚ ቤንታም (1748-1832)፣ ድርጊት ሁሉ መመዘን ያለበት በሚያስገኘው ደስታና በሚቀንሰው ሥቃይ ነው ብሎ አስተማረ። ሰውየውን በጅምላ ማውገዝ ፍትሕ አይሆንም፤ የዘመኑን ሕግና ወኅኒ ቤት ለማሻሻል ብዙ ደክሟል። ሆኖም በሕይወቱ ሳለ ሳይታተሙ በቀሩት ጽሑፎቹ፣ በጠባብ ሁኔታም ቢሆን፣ እስረኛን አሠቃይቶ ማናገር ሊፈቀድ ይችላል ወደሚል ሐሳብ ደርሷል። ለሥቃይ ጠላት የነበረ ሰው ወደዚያ የደረሰው በስሌት ነው።

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ አንድ አስተዋይ ወጣት ይህን ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም፦ ቦምብ ያጠመደ ሰው ቢያዝ፣ ቦምቡም በሰዓታት ውስጥ የሚፈነዳ ቢሆን፣ ሰውየውን አሠቃይቶ ሕፃናትን ማዳን ኃጢአት ነውን? ጥያቄው የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአልጀርስ ከተማ በእውነት ደርሷል።

በኅዳር ወር 1956 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አልጄሪያ በፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ ፈርናን ኢቭቶን የተባለ ሠራተኛ በጋዝ ፋብሪካ ውስጥ ቦምብ አስቀምጦ ተያዘ። ሌላ ሁለተኛ ቦምብ አለ ተብሎም ተጠረጠረ። የፖሊሱ የበላይ ኃላፊ ፖል ቴትጀን ነበር። ሰውየውን አሠቃይተን እናናግረው ቢሉት እምቢ አለ። ቴትጀን በጀርመን ወረራ ዘመን በጌስታፖ እጅ ተሠቃይቶ፣ በዳኻው የእስረኞች ሰፈር የታሰረ ሰው ነበር። ያን ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሲንቀጠቀጥ እንደ ዋለ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ሁለተኛው ቦምብ አልፈነዳም። እርሱ ቢከለክልም ፖሊሶቹ ኢቭቶንን ማሠቃየታቸውን እዚህ ላይ መሸሸግ አይገባም፤ በየካቲት 1957ም፣ ማንንም ሳይገድል፣ በሞት ተቀጣ።

በጥር 1957 ሥልጣኑ ለጄኔራል ማሱ ወታደሮች ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ማሠቃየት የዕለት ሥራ ሆነ። ለእኛ ለካቶሊካውያን የሚያሳፍረው፣ የዚያው ክፍለ ጦር አንድ ቄስ ይህን የሚደግፍ ጽሑፍ ማሰራጨቱ ነው። የአንድ ሽፍታ ጊዜያዊ ሥቃይና የብዙ ንጹሐን እልቂት ሲመዘኑ የፊተኛው ይቀላል የሚል ነበር ክርክሩ። ቀያፋ እንደገና ተናገረ፤ በዚህ ጊዜ ግን መስቀል በአንገቱ አጥልቆ። በአንጻሩ የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ ሌዮን ኤትየን ዱቫል ከ1955 ጀምሮ ድርጊቱን አውግዘዋል። ካቶሊካዊው ጄኔራል ደ ቦላርዲየርም ከአዛዥነቱ እንዲነሣ ጠይቆ፣ ተቃውሞውን በአደባባይ በመግለጹ 60 ቀን ታስሯል። ቴትጀን በመጋቢት 1957 በጻፈው የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ ከ14 ዓመት በፊት በራሱ ሥጋ ላይ የተፈጸመውን በእስረኞቹ ገላ ላይ እንዳየ መሰከረ።

ስለ ቦምብ የተጀመረው ክርክር በቦምብ ላይ አላበቃም። በሰኔ 1957 የ25 ዓመቱ የሒሳብ መምህር ሞሪስ ኦደን ከቤቱ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። የፈረንሳይ መንግሥት ኃላፊነቱን ያመነው በ2018 ነው። ማሱ ራሱ በስተርጅናው፣ በ2000፣ ማሠቃየት የግድ አስፈላጊ እንዳልነበረ ተናግሯል።

እዚህ ላይ መምህራን ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ማሠቃየት አይጠቅምም፤ የተሠቃየ ሰው ያገኘውን ይለፈልፋል፤ ስለዚህ ክፉ ነው ብለን ብቻ ብናስተምር፣ እውነት ብንናገርም ራሳችን በቀያፋ ሚዛን ላይ ቆመናል። ነገ የሚጠቅምበት ቀን ቢመጣ ምን እንል ዘንድ ነው? ቅዱስ ጳውሎስ መልካም እንዲመጣ ክፉ እናድርግ የሚለውን አስተሳሰብ ሲነቅፍ (ሮሜ 3፥8)፣ መልካሙ አይመጣም አላለም። እርሱ ራሱም የጥፋቱ ምክንያት እንዲታወቅ በጅራፍ እየተገረፈ ይመርመር ተብሎ የታዘዘበት ሰው ነው (የሐዋ. 22፥24)። እግዚአብሔር እንኳ ደጅ ቆሞ ያንኳኳል እንጂ የሰውን ፈቃድ ሰብሮ አይገባም። አሠቃዩ ግን የሰውን ሥጋ በገዛ ኅሊናው ላይ ጠላት አድርጎ ያስነሣል። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው ሰው፣ ወንጀለኛም ቢሆን፣ ለዚህ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስም በ1993 ቬሪታቲስ ስፕሌንዶር በተባለው መልእክታቸው፣ ሥጋንና ኅሊናን ማሠቃየት በማናቸውም ምክንያት ደግ ሊሆን ከማይችል ክፋት ጋር ቆጥረውታል። ይህን የምንለው በትዕቢት አይደለም። በ1252 ኢኖሰንት 4ኛ የሃይማኖት ተጠርጣሪዎች እየተሠቃዩ እንዲመረመሩ ፈቅደዋል፤ የቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2298) የቀድሞውን በደል አይክድም። የሚያሳዝነው፣ ከዚያ አራት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ በ866፣ ቀዳማዊ ኒቆላዎስ ለቡልጋሪያ ሰዎች ሲጽፉ ሌባን እየደበደቡ ማናዘዝ በእግዚአብሔርም በሰውም ሕግ እንደማይፈቀድ አስተምረው ነበር። ንጹሕ ሰው መከራውን መቋቋም አቅቶት ሰርቄአለሁ ቢል በደሉ በማን ላይ ይሆናል ብለውም ጠይቀዋል።

ይህ ጥያቄ ከአልጀርስ ይልቅ ለቤታችን ይቀርባል። ወርቅ ጠፋ ተብሎ የቤት ሠራተኛይቱ በር ተዘግቶባት እስክታወጣ ስትመታ፣ ጎረቤቱ ሰምቶ ዝም ሲል፣ ማንም ፍልስፍና አላነበበም፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ወርቁ ኋላ ከፍራሽ ሥር ቢገኝ እናፍራለን። ከእርስዋ ሻንጣ ቢገኝስ? የሚያሳፍረን ነገር የለም ማለት ነውን?

ወጣቱ ግን ወደ ቦምቡ መመለሱ አይቀርም፤ ቢፈነዳስ ኖሮ ይላል። መምህሩ ቴትጀን ትክክል የሆነው ቦምቡ ስላልፈነዳ ነው ብሎ አይመልስ። ሰውየው እምቢ ማለቱን ብቻ ሳይሆን ሲንቀጠቀጥ መዋሉንም ይንገረው። ቢፈነዳም ኖሮ እምቢታው ያው ትክክል በሆነ ነበር፤ ሐዘኑ ግን እጅግ በከበደ።