ስለ ረጠበ ግድግዳና ስለ ባለሙያ እምነት

በምዕራብ ጎጃም ክረምት ለአራሹ በረከት፣ ለባለ ቤቱ ደግሞ ፈተና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ዝናም፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፣ የብርና የፈጣም ወንዞች ሲሞሉ እርሻው ይጠግባል። ያው ውኃ ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ፣ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር፣ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ በተሠራው ቤት ሥር ቀስ በቀስ ይሰርጋል። አበው ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ስለ ወንዝ ተናግረዋል፤ ነገሩ ግን በግድግዳም ላይ ያው ነው።

የጭቃ ግድግዳ ከጭድ ጋር በደንብ ተቦክቶ ተመርጎ ከደረቀ ብዙ ዘመን ይቆማል። ጠላቱ እርጥበት ነው። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ፣ ጭቃውም ከእግሩ ያገኘውን ውኃ ወደ ላይ ይስባል። ጭቃው ሲላላ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይከተለዋል። ከላይም ቆርቆሮው ምስማር በገባበት በኩል የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ፣ ወይም አሸንዳው ተሰብሮ ውኃውን በግድግዳው ላይ የሚያፈስ እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ ከሁለት ወገን ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን ባለ ቤቱ የሚያየው በልስኑ ላይ የወጣውን ጥቂት እድፍ ብቻ ነው። እንግዲህ እድፉን አይቶ ባለሙያ ይጠራል።

የሚጠራውም ባለሙያ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው ልስኑን እስከ እንጨቱ ድረስ አራግፎ ይመረምራል፤ የበሰበሰውን እንጨት ይለውጣል፤ ውኃው የመጣበትን መንገድ ፈልጎ ቦይ ይቆፍራል፤ ግድግዳው እስኪደርቅም ድረስ ይታገሣል። ሥራው ይዘገያል፤ ዋጋውም ይበዛል። ሁለተኛው በረጠበው ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ለስኖ፣ በኖራ አንጽቶ በሁለት ቀን ያስረክባል። እርጥበቱ በልስኑ ተዘግቶ በውስጥ ይቀራል፤ በሚመጣው ክረምትም ልስኑ እየተላጠ ይወድቃል። ዳሩ ግን በተረከቡበት ቀን ሁለቱ ግድግዳዎች አይለዩም፤ እንዲያውም የሁለተኛው ይበልጥ ያምራል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ባለ ቤቱ ገንዘቡን ሲከፍል የገዛው ነገር ምንድር ነው?

የገዛው የሚታየውን ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ ሁለተኛው ሠራተኛ ምንም አልበደለም ማለት ይሆንበታል፤ ግድግዳ እንዲያምር ተጠየቀ፣ አሳመረ። ነገር ግን ልብ አድርጎ ለሚመለከት ሰው ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሰው በገበያ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ሸማ ሲገዛ በፀሐይ አንጻር ዘርግቶ ይመለከታል፤ እህልም ሲገዛ ቆንጥሮ ይቀምሳል። የግድግዳን ውስጥ ግን ማየት አይችልም፤ ቢያይም አያውቀውም። ባለሙያ የጠራውም እርሱ የማያየውን እንዲያይለት ነው። እንግዲህ የገዛው ጭቃውንና ሲሚንቶውን ብቻ ሳይሆን የባለሙያውን ዓይንና ሕሊና ነው። እምነት በዋጋው ላይ እንደ ምርቃት የሚጨመር ነገር አይደለም፤ የተሸጠው ዕቃ ራሱ ነው። ይህን አስቀርቶ ገንዘቡን የተቀበለ ሰው ስፍር እንዳጎደለ ነጋዴ ይቆጠራል።

የጥንት ሕግ አውጪዎችም ይህን አስተውለዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የነበረው የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ፣ የሠራው ግድግዳ ያዘነበለበት ግንበኛ በራሱ ገንዘብ እንዲያጸናው፣ ቤቱ ወድቆ ባለ ቤቱን ቢገድል ግን ሠሪው እንዲሞት ደነገገ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 3039፣ ሠሪው ለሥራው ትክክለኛነትና ጽናት ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ዘመኑ እንዲህ መርዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተሰወረ ጉድለት የሚገለጠው ብዙ ክረምት ካለፈበት በኋላ ነውና። ሆኖም ሕግ የሚደርሰው ግድግዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ሠራተኛው ወደ ሌላ አገር ሄዶ ይሆናል፤ ውሉም በቃል ብቻ ተደርጎ ይሆናል። ሕግ በማይደርስበት ሥፍራ የሚቆመው ሕሊና ብቻ ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን 14ኛው ምዕራፍ ደግ ሥርዐት ተጽፎ ይገኛል። በቤቱ ግድግዳ ላይ ደዌ የታየ እንደ ሆነ፣ ካህኑ አስቀድሞ ዕቃው እንዲወጣ ያዝዛል፤ ከዚያም ገብቶ ይመለከታል፤ ቤቱን ዘግቶ ሰባት ቀን ይቆያል። ደዌው ቢሰፋ የታመመው ድንጋይ ወጥቶ ይጣላል፤ ግድግዳውም ተፍቆ በሌላ ጭቃ ይመረጋል። ደዌው ዳግመኛ ቢመለስ ቤቱ ይፈርሳል። ተራው ግልጥ ነው፤ መመርመር፣ መታገሥ፣ የተበላሸውን ማውጣት፣ ከዚያ በኋላ መምረግ። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ደካማውን ግድግዳ በኖራ የሚቀቡትን የገሠጸው ይህን ተራ የገለበጠ ሰው የሚያደርሰውን ጥፋት ስላወቀ ነው።

በደሉ ሁሉ ግን የሠራተኛው ብቻ አይደለም። ብዙ ባለ ቤት ሰርጉ ወይም ዝክሩ ደረሰብኝ እያለ ያጣድፋል፤ ዋጋውን እስከ መጨረሻው ይከራከራል፤ ቦይና መሠረት የጠቀሰለትን ሠራተኛ ገንዘብ ፈላጊ ነው ብሎ ይሰድዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለሚታየው ብቻ የሚከፍል ጌታ ሠራተኛውን ለሚታየው ብቻ እንዲሠራ ያስተምረዋል። ከዚህም ጋር የቆየው ንቀት አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን የሚሰድቡትን ሰዎች በአዋጅ መገሠጻቸው፣ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያሳያል። ሰውን በስድብ እያሳነሱ ትልቅ እምነት ከእርሱ መጠበቅ አይገባም፤ ክብር ያልተሰጠው እጅ ስለ ክብሩ ሊጠነቀቅ አይችልምና።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ፣ ድሮ ቤት የሚታደሰው በደቦ ነበር፤ ገንዘብ ገብቶ ፍቅርን አጠፋ ይላሉ። በዚህ ነገር እውነትም ስሕተትም አለበት። ደቦ ብዙ እጅ ይሰጣል፤ የተጎዳ ግድግዳ ግን አስቀድሞ የሚሻው ዕውቀትን ነው። ርጥብ ግድግዳ በአንድ ሰው ቢመረግ በሠላሳ ሰው ቢመረግ ያው ርጥብ ነው። ነገር ግን ደቦ ቅጥረኛ የማይሰጠው አንድ ነገር አለው። በደቦ የሠራ ሰው ባለ ቤቱን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በዕድርና በገበያ ያገኘዋል፤ ሥራው ቢከፋ ከፊቱ ማምለጥ አይችልም። እንግዲህ የሚሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ አንድ ዐዋቂ ተቀጥሮ ያሳይ፣ ጎረቤት ይቆፍር፣ ያቡካ፣ ይመርግ። እንዲህ ሲሆን ዕውቀት መግዛት ብቻ እንጂ ጉልበት መግዛት የማይችለው ድኻም ቤቱን ያድናል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ይህ ነው። ቤቶች በተዳፋት ላይ በሚደራረቡበት ሰፈር፣ ባለሙያው ከላይ ላለው ባለጠጋ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ከግድግዳው ያርቅለታል። ያ ውኃ ግን አይጠፋም፤ መንገዱን ብቻ ይለውጣል። ከታች ደግሞ የአንዲት መበለት ጎጆ ቢኖር፣ የባለጠጋው ግድግዳ የደረቀው የእርስዋ ግድግዳ እየረጠበ ነው። ሠራተኛው የተቀጠረበትን ሥራ በሚገባ ፈጽሟል፤ መበለቲቱም አልቀጠረችውም። ታዲያ ንጹሕ ነውን?

ንጹሕ ነው የሚል ሰው፣ ሠራተኛው ራሱ ድኻ እንደ ሆነ፣ እርሱ እንቢ ቢል ሌላው እንደሚቆፍር ይናገራል። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን አያድንም። ባለጠጋው ውኃው ወዴት እንደሚወርድ ላያውቅ ይችላል፤ ባለሙያው ግን ያውቃል፤ የሚከፈለውም ስለ ማወቁ ነው። ለአንዱ ግድግዳ ያየ ዓይን በሌላው ግድግዳ ላይ ሊጨፈን አይገባውም። ስለዚህ ቦዩን ከመጀመሩ በፊት፣ «ጌታዬ፣ በዚህ በኩል ቢወርድ የሰው ቤት ያፈርሳል፤ እስከ መንገዱ ቦይ እንውሰደው» ብሎ መናገር ይገባዋል። ይህን ከተናገረ በኋላ ዕዳው ወደ ሰሚው ያልፋል። ሰሚው እንቢ ቢል ግን ሠራተኛው መቆፈሪያውን አንሥቶ መሄድ ይኖርበታል፤ በመናገር የወረደለትን ዕዳ በመቆፈር መልሶ ይሸከመዋልና። ይህ የዕለት እንጀራውን ከእጁ ለሚበላ ሰው መራራ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ አስቀድሞ ባለጠጋው ድኻውን በእንጀራውና በሕሊናው መካከል እንዲያቆመው አይገባም። ጥቂት ክንድ ቦይ የሚያስጨምረው ዋጋ ከመበለት ግድግዳ አይበልጥም።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚህ ስም በሚጠራው ከተማና በአካባቢው ላሉት ባለ ቤቶችና ባለሙያዎች ሥራው ሩቅ አይደለም። ዝናሙ ቆሞ ጭቃው ሲደርቅ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ግድግዳውን አራግፎ ማየት፣ ለተሰወረው ሥራ ተገቢውን ዋጋ መክፈል፣ ውኃውንም በማንም ደጅ ላይ ሳይጥሉ ወደ ወንዙ የሚወርድበትን መንገድ ማበጀት ነው።