ያለ ጭነት መጠበቅ

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ወደ ተራራ የሚወጣ፣ በማዶው ገደል ወገብ ላይ ከተዘረጋው ሐዲድ ትይዩ ካሜራውን ተክሎ የሚቀመጥ፣ ዘመድ የማያመጣለትን፣ ዕቃ የማይጭንለትን፣ እርሱም ራሱ የማይሳፈርበትን ባቡር እስከ ቀትር፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሠርክ የሚጠብቅ፣ ባቡሩም መጥቶ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ካለፈ በኋላ ጉዳዩ እንደ ተፈጸመለት ሰው ረክቶ የሚመለስ ሰው በዓለም ላይ አለ። ምን ጠበቀ? ምንስ ተቀበለ? ተብሎ ቢጠየቅ ፎቶግራፉን አውጥቶ ከማሳየት በቀር ሌላ መልስ የለውም። እኔ ግን ፎቶግራፉ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ሐዲድ ደርሶበት በማያውቅ አገር፣ በጣና ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በደልጊ ወደብ ሆኜ ስለ ሆነ፣ «ባቡር በሌለበት ስለ ባቡር መመራመር ምን አመጣው» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ባቡርና ተራራ በባሕርያቸው አይስማሙም። ብረት በብረት ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ አንድ ሎኮሞቲቭ ብዙ መቶ ግመል የማይነሣውን ሸክም በሜዳ ላይ እየጎተተ ይሄዳል፤ ዳሩ ግን በሜዳ ላይ ጸጋ የነበረው ይኸው ልስላሴ በዳገት ላይ መርገም ይሆንበታልና፣ በመቶ ሜትር ርቀት ውስጥ ሦስትና አራት ሜትር ከፍ እንዲል ሲገደድ ኃይሉ ይደክማል፣ መንኰራኵሩም ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሱ ተራራውን ፊት ለፊት አይገጥመውም፤ ወይ ይዞረዋል፣ ወይ ይሰረስረዋል፣ ወይ ሸለቆውን በድልድይ ይሻገረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ፈቃድ በሰጡ ጊዜ የታሰበው መሥመር ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣ ነበር፤ በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ ግን ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ዳገቱንና ወጪውን ፈርቶ በሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ድሬዳዋ ተወለደች። (ፍርሃት እንዲህ ያለ ጥላና እንዲህ ያለ ሳቅ ያላት ከተማ ከወለደ የሚነቀፍበት ምክንያት አይታየኝም።) ከዚያም ሐዲዱ የጨርጨርን ተራሮች ጎን እየታከከ፣ የአዋሽን ሜዳ እያቋረጠ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነው ከፍታ ለመድረስ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ፈጅቶበታል። ጣሊያኖች በ1904 ዓ.ም. አስመራ ያደረሱት ባቡር ግን ይህንኑ የሚያህል ከፍታ ከምጽዋ ተነሥቶ በ118 ኪሎ ሜትር ርቀት ብቻ ይወጣዋል። ያኛው ተራራውን ሸሸ፣ ይኸኛው በዋሻና በጠመዝማዛ መንገድ ታገለው፤ የዓለም ባቡር ወዳጆችም ካሜራቸውን ተሸክመው ሲጎርፉ የኖሩት ወደዚህኛው ነው።

ተራራን የሚመርጡበት ምክንያት የመልክዓ ምድሩ ውበት ብቻ አይደለም። በሜዳ ላይ የሚመጣ ባቡር ጎኑን ብቻ አሳይቶ ያልፋል፤ በተራራ መታጠፊያ ላይ ግን ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ ያለው ሁለንተናው በአንድ ጊዜ ይገለጣል። ከመታየቱ አስቀድሞ ድምፁ በሸለቆው ውስጥ ይሰማል፣ በዋሻ ይሰወራል፣ ባልታሰበ ቦታ ወጥቶ ድልድዩን ይሻገራል፣ ካለፈም በኋላ እንፋሎቱ በገደሉ ላይ ጥቂት ይቆያል። ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ስለ ጊዜ ሲመራመር፣ ያለፈው የለም፣ የሚመጣውም ገና የለም፤ ያለው በኅሊና ውስጥ ያለፈው ተዘክሮ፣ የአሁኑ ማስተዋል፣ የሚመጣውም ተስፋ ነው ይላል። በተራራው ላይ የተቀመጠው ሰው ይህን ትምህርት በጆሮውና በዓይኑ ይማረዋል ብል ንጽጽሩ ከመጠን በላይ የተስተካከለ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በሜዳ ላይ ከሚቆመው ይልቅ ለትምህርቱ ቅርብ መሆኑን አልክድም።

እዚህ ላይ ካሜራው ራሱ አንድ እንቅፋት ያኖርብናል። ግሪካዊው ዘኖን የተወረወረ ፍላጻ በእያንዳንዷ ቅጽበት በአንድ ቦታ ላይ ስላለ አይንቀሳቀስም ብሎ ሲከራከር የጥንት ሰዎች እንደ ቀልድ ቆጥረውት ይሆናል፤ የካሜራው መዝጊያ ግን የዘኖንን ክርክር በየቀኑ ያጸድቃል። በአምስት መቶኛ ሰከንድ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የሚበርረው ባቡርና የቆመው ባቡር መንኰራኵራቸው አንድ ነው። በእንፋሎት ዘመን ወደ ኋላ የተኛው ጢስ ስለ እንቅስቃሴው ጥቂት ይመሰክር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. እንደ ተመረቀው እንደ አዲሱ የአዲስ አበባና ጅቡቲ መሥመር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር ሲሆን ግን ያ ምስክርም የለም። ስለዚህ ማለፍ በሥዕሉ ውስጥ አይገኝም። ፎቶግራፍ አንሺው ቀኑን ሙሉ የተቀመጠለት ነገር በእጁ ከያዘው ወረቀት ላይ ከጠፋ፣ ያለው በራሱ መጠበቅ ውስጥ ብቻ ነው ማለት ነው፤ እኛም መመርመር ያለብን ሥዕሉን ትተን መጠበቁን ነው።

ስለ መጠበቅ ከሆነ ደግሞ ደልጊ የምታስተምረው አላት። ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላና በደልጊ አድርጋ ጎርጎራ ትደርስ የነበረችው የሳምንቷ ጀልባ ለዚህ ዳርቻ ከባቡር የምታንስ አልነበረችም፤ ደንገል ታንኳው ለቅርብ ነው፣ የክረምቱ መንገድ ጭቃ ነው፣ እህል ያለው፣ ታማሚ ያለው፣ የሚዳር ልጅ ያለው ሁሉ የሚቆጥረው በእርሷ ቀን ነበር። አንድ ጊዜ በዚሁ ወደብ ካሜራዬን ይዤ ስጠብቃት፣ ጆንያዎቻቸውን ተደግፈው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፦

«ልጄ፣ አንተም እህል ልትጭን ነው?» አሉኝ።

«የለም እማማ፣ ስትመጣ ፎቶግራፍ ላነሣት ነው» አልኋቸው።

«ሰውስ የሚመጣብህ አለ?»

«ማንም የለኝም።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና፣ «እንኪያስ ብትቀር ምን ይጎድልብሃል?» ብለው ጠየቁኝ።

ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ በዚህ ነገር ላይ ሲጠየቅ አልሰማሁም። ጀልባዋ ብትቀር የእርሳቸው ጉድለት በስም የሚጠራ፣ በኩንታል የሚለካ ነው፤ ገበያው ያልፋል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ እህሉም ተመልሶ በአህያ ይጫናል። የእኔ ጉድለት ግን ስም የለውም። የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት፣ አንድን ነገር ውብ ነው ብለን ስንፈርድ ደስታችን ነገሩን ከመፈለግና ከመጠቀም የጸዳ መሆን አለበት ብሎ ያስተምራል፤ በእርሱ ሚዛን ሲመዘን ያለ ጭነት የሚጠብቀው ሰው ንጹሕ ተመልካች ይሆናልና ልኮራ ይገባኝ ነበር። ዳሩ ግን በአሮጊቷ ፊት ኩራቱ አልመጣልኝም፤ ያልመጣበትም ምክንያት እፍረት ብቻ አልነበረም፣ ካንት ያላየው አንድ ነገር በዚያ ስለ ነበረ ነው።

ጭነት ያለው ሰው የሚጠብቀው መድረስን ነው። ባቡሩ በጣቢያ፣ ጀልባዋ በወደብ ስትቆም የእርሱ መጠበቅ ይፈጸማል፤ በመንገድ ላይ እንዴት እንዳለፈች፣ ፀሐይ በየትኛው ጎኗ እንደ መታት ጉዳዩ አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺው ግን በመድረስ አይደሰትም፤ በጣቢያ የቆመ ባቡር ለእርሱ እንደ ሞተ ነው፣ የሚሻውም በሁለት ጣቢያዎች መካከል፣ ማንም በማይሳፈርበትና ማንም በማይወርድበት ቦታ የሚሆነውን ማለፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ የሚለያዩ ይመስላሉ። ነገር ግን ባቡሩ በዚያ ቦታ በዚያ ሰዓት የሚያልፈው በማን ምክንያት ነው ብለን ብንጠይቅ፣ በዚያኛው ጣቢያ ጆንያውን ይዞ የተቀመጠ ሰው ስላለ ነው እንጂ በተራራው ራስ ላይ ካሜራ ስለ ተተከለ አይደለም። የሰዓቱ ሰሌዳ ለባለ ጭነቱ የተሰጠ ቃል ኪዳን ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺው ያልተዋዋለበትን ቃል ኪዳን አንብቦ፣ በሌላ ሰው ቀጠሮ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። ባቡሩ ብቅ ባለ ጊዜ የሚሰማው ያ ድንጋጤ የተቀላቀለበት ደስታም፣ እኔ እስከሚገባኝ ድረስ፣ ለሌላ የተሰጠ ቃል ሲፈጸም በዓይን ከማየት የሚመጣ ነው።

ይህን አባባል በሁለት ወገን መፈተን ይቻላል። የአስመራው መሥመር ከኤርትራ ነጻነት በኋላ በተጠገነ ጊዜ፣ ከሩቅ አገር የሚመጡ ባቡር ወዳጆች የጥንቶቹን የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ለራሳቸው ይከራዩ ነበር። የእንዲህ ያለው የኪራይ ጉዞ ልማድ በየትም አገር አንድ ነው፤ ባቡሩ ባለ ካሜራዎቹን በገደሉ አፋፍ ላይ ያወርድና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያም ጢሱን አብዝቶ እያጨሰ በፊታቸው ያልፋል፣ ደመና ፀሐይዋን ከሸፈነባቸውም ይመለስና እንደገና ያልፋል። ፎቶግራፉ ያምራል፤ አሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮችም ከዝገት የዳኑት በከፊል በእነዚህ ሰዎች ንዋይ ስለ ሆነ ሥራቸውን አላቃልልም። ነገር ግን ባቡሩ ወዴትም አይሄድም፤ ያለፈው ለመታየት ነው፣ በማንኛውም ጣቢያ ማንም አይጠብቀውም። ሊቀር የማይችል ባቡር ስለ ሆነም በተራራው ላይ የሚደረገው ነገር መጠበቅ መሆኑ ቀርቶ ተራ መያዝ ይሆናል።

ሁለተኛው ወገን በእኛው አገር፣ በወሎ ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መሥመር በ2007 ዓ.ም. በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ እጅ ሲጀመር፣ የቀድሞው ሐዲድ የሸሸውን ተራራ የሚደፍር ባቡር በመጨረሻ ተገኘ ተባለ። ዋሻው ተቆፈረ፣ ድልድዩ ተሠራ፣ ሐዲዱም ተነጠፈ፤ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀመር ግን ዓመታት አለፉ፣ ጦርነትም በላዩ ላይ አለፈ። በዕቅዱ መጻሕፍት ላይ ይህ የሐዲድ መረብ ከወልድያ አካባቢ ወደ ወረታ፣ ከዚያም በአዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚቀጥል ስለ ነበረ፣ እኛ የጣና ሰዎችም በወረቀት ላይ የባቡር ጎረቤቶች ነበርን። ከኮምቦልቻ በላይ ካለው ተራራ አፋፍ ላይ አንድ ሰው ካሜራውን ቢተክል ምን ያነሣል? ሐዲዱን፣ ድልድዩን፣ የዋሻውን አፍ ያነሣል፤ ምናልባትም ባቡር ካለበት ሥዕል ይልቅ የሚያምር ይሆንለታል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሳለ የአሮጊቷ ጥያቄ መጥቶ፣ «ብትቀር ምን ይጎድልብሃል?» ቢለው፣ አሁን መልስ አለው። የደሴ ነጋዴ፣ የቃሉ ገበሬ፣ የራያ ከብት አርቢ ይጎድሉበታል። ሳያስበው ባለ ጭነት ሆኗል፤ የካንት ንጹሕ ተመልካችነትም ከእጁ ወጥቷል። እንግዲህ ያለ ጭነት መጠበቅ የሚቻለው ጭነት ያላቸው ሰዎች ጥበቃ መልስ በሚያገኝበት አገር ብቻ ነው፤ ይህ ባልሆነበት ቦታ ተራራ ላይ ወጥቶ ባቡርን ለውበቱ ብቻ እጠብቃለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ነገር ግን በየትኛው ወገን እንደማኖረው ብዙ አሰብሁበት። ለጣና የተገዛችው፣ 38 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ፣ ጣናነሽ 2፣ ከጅቡቲ ባሕር ዳር ድረስ በየብስ፣ በረጅም ተጎታች ላይ ተጭና፣ ቆላውን አቋርጣ ዳገቱን ስትወጣ፣ በየከተማው ያለው ሕዝብ መንገድ ዳር ወጥቶ ስልኩን ወደ እርሷ አነጣጥሮ ይጠብቃት፣ ስታልፍም እልል ይል ነበር። መርከብ በተራራ ላይ! ከኖኅ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር በወሬ እንጂ በዓይን የታየ አይመስለኝም። ይህች መርከብ ራሷ ጭነት ነበረች፤ ለማንም የሰዓት ሰሌዳ አልነበራትም፣ በየመንደሩ ያለፈችውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እንደ አስመራው የኪራይ ባቡር ለመታየት አላለፈችም፤ እንደ ወሎው ሐዲድም ባዶ ተስፋ አልነበረችም፤ ከመንገድ ዳር የቆመው ሰው አይሳፈርባት እንጂ በሐይቁ ዳር ያለ የሌላ ሰው ጉዳይ በፊቱ እያለፈ መሆኑን ያውቅ ነበር። እልልታውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ብረት በማየት ብቻ ሰው እልል አይልም።

ከዚህ ተነሥቼ ከባቡር ፎቶግራፍ አንሺዎች ልማድ አንዱን አልቀበልም። ብዙዎቹ ሥዕሉ እንዲጠራ ብለው ጣቢያውን፣ መንገደኛውን፣ የተከመረውን ዕቃ ሁሉ ከካሜራቸው ዓይን ያስወጣሉ፤ ተራራው፣ ድልድዩና ባቡሩ ብቻ ይቀራሉ። በሥዕል ሕግ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በምስክርነት ሕግ ግን ምስክሩን አስወጥተው ፍርዱን ብቻ አስቀርተዋል። እኔ በደልጊ ጀልባ ሳነሣ ጆንያዎቹን በፊት ለፊት አስቀምጣለሁ፣ የሚያስከትሉት የብርሃን ችግርም ቀላል አይደለም፤ ነጭ ጆንያ በቀትር ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ ከኋላው ያለውንም ውኃ ያጠቁረዋል። ቢሆንም ጆንያው በሌለበት ሥዕል ላይ ጀልባዋ ትምጣ ወይስ ትሂድ፣ ቆማ ይሁን ወይስ እያለፈች፣ የሚነግረኝ ነገር የለም።