የታሰረ ፍጥረት በአሳሪው ላይ ስላለው ሐቅ

ምስጋና ሁሉ በየብስና በባሕር ያለውን ነፍስ ለፈጠረና ሲሳዩንም ለሚያደርስ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

ወንድሞቼ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ከትንሽ ጣት ስለማትበልጥ አንዲት ዓሣ ነው። «ሸኹ የሚናገረው ነገር ቢያጣ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ያሰብሁት ይህንኑ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጅማ ከተማ የሚኖሩ፥ በዕድሜም በሀብትም የሚበልጡኝ አንድ የቡና ነጋዴ ሐጂ፥ ማክሰኞ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ቡና እንድጠጣ ወደ ቤታቸው ጠሩኝ። በእልፍኙ ውስጥ ልጃቸው ከአዲስ አበባ ያመጣው የመስታወት ሣጥን ቆሞ ነበር፤ በውስጡም ስምንት ቀያይ ዓሦች ይኖሩ ነበር። እንዲህ ያለው ሣጥን በስተኋላው በኩል በመስታወት የተከለለ ጠባብ ክፍል አለው። ውሃው በክለላው ላይ በተበጁ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አልፎ ወደዚያ ይገባል፤ በስፖንጅ ውስጥ ተጣርቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ትንሽ ፓምፕም መልሳ ወደ ሰፊው ክፍል ትገፋዋለች። ስፖንጁ እድፍን ብቻ የሚይዝ እንዳይመስላችሁ፤ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በእርሱ ላይ ሰፍረው፥ ከዓሦቹ ገላ የሚወጣውን አሞኒያ የተባለ መርዝ እምብዛም ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። እንግዲህ ያ ክፍል ለዓሦቹ ሕይወታቸው ነው። ነገር ግን ምግብ የማይደርስበት፥ ለመዞርም የማይበቃ ስፍራ ነውና፥ በቀዳዳው ሾልኮ ለገባ ዓሣ ወኅኒ ይሆንበታል።

የዘጠኝ ዓመት ዕድሜ ያላት የሐጂ የልጅ ልጅ ዓሦቹን ብትቈጥር ሰባት ሆኑባት። ወደ ኋላ ዞራ ብትፈልግ ስምንተኛዋን በስፖንጁና በመስታወቱ መካከል ተጣብቃ፥ ስንጥቧ ብቻ ሲንቀሳቀስ አገኘቻት። «አባባ፥ አንዷ እዚህ ታስራለች» አለች። ሐጂም «ማን ግቢ አላት? ሣጥኑን የሚያጥበው ልጅ ቅዳሜ ሲመጣ ያወጣታል» ብለው ሳቁ። ልጅቱ ወደ እኔ ዞራ፥ «ሸኻችን፥ እስከ ቅዳሜ ብንተዋት ወንጀል አለብን?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ፍንጃሌን እንደ ያዝሁ፥ «ልጄ፥ ዓሣ ናት፤ አላህም መሓሪ ነው» አልኋት። ሁለቱም ቃል እውነት ነው፤ ለጥያቄዋ ግን መልስ አልነበረም። እርሷም ይህን ያወቀች ይመስለኛል፤ ዳግመኛ አልጠየቀችኝምና።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በሕፃንነቴ በቁርአን ቤት ሳለሁ የሰማሁት የድመቷ ነገር መጣብኝ። ድመት አስራ ሳታበላትና ሳትለቃት ስለ ሞተችባት ለቅጣት የተዳረገችው ሴት ነገር በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበ፥ ከእናንተም የማያውቀው የሌለ ሐዲስ ነው። እኔም በሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ ሁልጊዜም ልብ የምለው ቅጣቱን ነበር። ያን ሌሊት ግን ልብ ያልሁት ሁለቱን በሮች ነው። ሴቲቱ ድመቷን ብታበላት፥ ወይም ለቃት ራሷ ከምድር የምታገኘውን እንድትበላ ብታደርግ ኖሮ አንዱ ይበቃት ነበር። የተፈረደባት ሁለቱንም በመዝጋቷ ነው። ደግሞም ድመቷን እንደ መታቻት አልተነገረም። የበደሏ ሁሉ አለማድረግ ነው። በሣጥኑ የኋላ ክፍል ላለችው ዓሣም ምግብ አይደርሳትም፥ መውጫም የላትም፤ የመታትም ሰው የለም።

መብራት አብርቼ ኪታቦቼን ገለጥሁ። የሻፊዒ ሊቃውንት፥ ባለቤቱ እንስሳውን ማብላት እምቢ ቢል ዳኛ እንዲያበላ ወይም እንዲሸጥ፥ የሚበላ እንስሳ ከሆነም እንዲያርድ ያስገድደዋል ይላሉ። በሐነፊዎች ዘንድ የታወቀው ቃል ዳኛ አያስገድደውም፥ ነገር ግን በእርሱና በአላህ መካከል ግዴታ ነው የሚል ነው፤ ከእነርሱ መካከል አቡ ዩሱፍ ግን ያስገድደዋል ብለዋል። እንግዲህ ክርክሩ በዳኛው ሥልጣን ላይ እንጂ በግዴታው ላይ አይደለም። በ660 ዓመተ ሂጅራ በካይሮ የሞቱት ታላቁ ሊቅ ዒዝ አድዲን ኢብን ዐብድ አስሰላምም እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ፥ ያረጀና የታመመ፥ ምንም ጥቅም የማይሰጥ እንስሳ እንኳ ወጪው በባለቤቱ ላይ እንደ ሆነ ጽፈዋል። ይህን ሁሉ በመድረሳ ተምሬዋለሁ። ልጅቱ በጠየቀችኝ ጊዜ ግን አንዱም ወደ ምላሴ አልመጣም፤ ፍንጃሉ ትኩስ ነበርና።

እንዲህ ቢባል፤ «ዓሣን አስግሮ መብላት የተፈቀደ ነው፤ ማረድ እንኳ አያስፈልገውም። በየገበያው በክምር የሚሸጠውን እያየን ስለ አንዲቱ መጨነቅ ምንድር ነው?» እኛም እንላለን፤ ፈቃዱ የተሰጠው ለጥቅም ነው፥ ለቸልታ አልተሰጠም። አጥማጁ «ይህች ዓሣ ለምን ሞተች?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «ቤተ ሰቤ ሊበላት» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም መልስ ነው። እኛ ግን ብንጠየቅ፥ «ቅዳሜ ስለ ራቀ» ከማለት በቀር ምን አለን? በግም የሚታረድ እንስሳ ነው፤ ነገር ግን በጉን በረት ዘግቶበት በረኃብ የገደለውን ሰው «ያው ለሞት ነበር» ብሎ የሚያጸድቀው ማንም የለም።

ዳግመኛም እንደ ሐጂ «ማን ግቢ አላት?» ቢባል፥ ዓሣ የምታውቀው የውሃን አካሄድ ነው እንላለን። በወንዝ ውስጥ ፈሳሹን ተከትሎ መሄድ ወደ ሰፊ ያደርሳል። ፈሳሹ ወደ ዝግ ስፍራ እንዲወስድ ያደረግነው እኛ ነን። እርሷ አልተሳሳተችም።

ይህን ስል ዓሣን በቤት ማኖር ሐራም ነው ማለቴ አይደለም። የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ እርሷ እያነሡ ያጫውቱት ነበር እንጂ አልከለከሉትም። ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው፥ ምግቧና ውሃዋ ካልጐደለ ወፍን በቤት መያዝ የተፈቀደ ነው ብለዋል። ነገር ግን የያዘ ሰው ጠባቂ ሆኖአል። መብራት በጠፋ ጊዜ ፓምፗ ትቆማለች፥ በውሃውም ውስጥ ያለው አየር እየቀነሰ ይሄዳል። እኛ ሻማ ፍለጋ ስንነሣ በዚያው ጨለማ የሚታፈን ነፍስ በቤታችን አለ።

ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወደ ሐጂ ቤት ሄድሁና የትናንቱን ቃሌን በልጅቱ ፊት መለስሁ። እርሳቸውም ሳይከራከሩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ዕውቀት የሌለው እዝነት ብዙ ጊዜ ይገድላልና። በመጀመሪያ ፓምፗን አጠፋን፤ እየሠራች ሳለ ስፖንጁ ቢነቀል ዓሣዋን ስባ ልታደቃት ትችላለች። ስፖንጁንም ቀስ ብለን፥ ዓሣዋ ካለችበት በተቃራኒው በኩል እያዘነበልን አወጣነው። በእጅ አልያዝናትም፤ የዓሣን ገላ የሚሸፍነው ሙልጭልጭ ነገር ከበሽታ የሚጠብቃት ልብሷ ነው፥ ደረቅ እጅም ይገፈዋል። ከሣጥኑ ራሱ ውሃ የተቀዳበት ኩባያ አስጠግተን ራሷ ዋኝታ እንድትገባ ጠበቅን። ሐጂ እድፉን አይተው ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ሊያጥቡት ተነሥተው ነበር። በቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል፥ አንዲቱን አድነን ሰባቱን በሳምንቱ ልንገድል ነበር ማለት ነው፤ ልጃቸው ከአዲስ አበባ በስልክ ከለከላቸው። ስፖንጁ ከሣጥኑ በተቀዳ ውሃ ብቻ ተጨምቆ ተመለሰ። ዓሣዋ ከስታለች፥ ከጅራቷም ጥቂት ተሸርፎአል፤ ነገር ግን ዋኘች። ቀዳዳውንም በቀጭን መረብ ሸፈንነው። ለተጠማው ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ፥ ጫማውን በአፉ ነክሶ ከጕድጓድ የወጣው ሰው ምሕረት እንዳገኘ ሰምታችኋል። አፉ የተፈለገው ሁለቱ እጆቹ ለመውጣት ስላስፈለጉት ነው፤ ያ ሰው አዘነ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚወጣም አሰበ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ሐጂ እጃቸውን እያደረቁ፥ «ሸኻችን፥ ለአንዲት ዓሣ በሱብሒ መጡ። በኅዳር በመፈልፈያዬ ታች ዓሣው በጀርባው ሲንሳፈፍ ግን እስከ ዛሬ ሸኽ የጠራ የለም» አሉኝ። በፌዝ አልነበረም፤ ፊታቸውን አይቻለሁ።

ነጋዴው ወንድሜ ሆይ፥ ነገሩን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እሸት ቡና ወደ መፈልፈያው ይገባል፤ ቅርፊቱ ይላጣል፥ ፍሬው በገንዳ ታፍልቶ ዝልግልጉ ይለቃል፥ ከዚያም በብዙ ውሃ ይታጠባል። የተረፈው ውሃ ስኳርና ዝልግልግ የሞላበት ሆኖ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ንጹሕ የወንዝ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ የሚይዘው ኦክሲጅን ከ7 እስከ 9 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው፤ ከ2 በታች ሲወርድ አብዛኛው ዓሣ መታፈን ይጀምራል። የመፈልፈያው ፍሳሽ ግን አንዱ ሊትር ሲበሰብስ በሺህ የሚቈጠር ሚሊ ግራም ኦክሲጅን ይበላል። እንግዲህ አንድ ማሰሮ ፍሳሽ የመቶ ማሰሮ ወንዝ እስትንፋስ ያጠፋል። ይህም የሚሆነው ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ በሚጐድልበት ወራት ነው። ከአጋሮና ከጎማ በኩል ብዙው ውሃ ወደ ዴዴሳ ይወርዳል፤ ከሰቃና ከቀርሳ በኩል ያለው ወደ ግልገል ግቤ ይወርዳል፥ የጅማ ከተማው አዌቱም በቦዬ ረግረግ በኩል አልፎ ከዚያው ይገባል። ግልገል ግቤም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 40 ሜትር ከፍታ ባለው ግድብ ተዘግቶ 184 ሜጋ ዋት ኃይል ይሰጣል፤ በሐይቁ ቆሮሶ የሚያሰግሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ያ ሐይቅ በሐጂ እልፍኝ ካለው ሣጥን የሚለየው በስፋቱ ነው። ስፖንጅም የለውም።

እንዲህ ቢባል፤ «የወንዝ ዓሣ ባለቤት የለውም፤ ያላሰርሁትን ማብላት አይገባኝም።» እኛም እንላለን፤ ማብላት አልተባልህም። በመተላለፊያ መንገድ ጕድጓድ የቈፈረ ሰው ማንንም በእጁ ገፍቶ ባይጥልም፥ ለወደቀው ተጠያቂ እንደ ሆነ የፊቅህ ሊቃውንት ጽፈዋል። በዓሣው ላይ ካሣ የሚጠይቅህ ባለቤት አለመኖሩ እውነት ነው። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ጐረቤትህን ብትበድል በሕይወቱ ሳለ ደጁ ሄደህ «ይቅር በለኝ» ትለዋለህ፤ ገንዘብ ብትወስድ ትመልሳለህ። በጀርባው የተንሳፈፈውን ዓሣ ወክሎ ይቅር የሚልህ ማን ነው? ቀንድ ለሌላት በግ ቀንድ ካላት በግ ሐቋ በሚወሰድበት ቀን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን አላህ ያውቃል። ከወንዙ በታች ያሉት የሚጠጡ ሰዎችና ከብቶች ግን ባለቤት የሌላቸው አይደሉም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ለእነርሱ ሲል ይናገራል።

መድኃኒቱ የተሰወረ አይደለም። ፍሳሹን በተከታታይ ጕድጓዶች አቁሞ ማጥለል፥ ቀጥሎም ቬቲቨር ሣር በተተከለበት መሬት ላይ ቀስ ብሎ ማሳለፍ በጅማ ዙሪያ ባሉ መፈልፈያዎች የተሞከረ ነው፤ ቅርፊቱም ቢበሰብስ ለቡናው እግር ማዳበሪያ ይሆናል። ይህ ሁሉ ገንዘብና መሬት ይፈልጋል፤ የለም አልልም።

ሐጂ በነሐሴ ጕድጓዶቹን አስቈፍረው ሣሩን አስተከሉ። በመስከረም ወደ ቤቴ መጥተው፥ «የእኔን ብዘጋ ከላይ ያለው ጐረቤቴ አልዘጋም፤ ዓሣው ግን የሞተው በማን ፍሳሽ እንደ ሆነ አይለይም። እስቲ አብረን እንሂድና ያናግሩት» አሉኝ። በጁሙዓ ማግሥት ሄድን። ሰውየው በአክብሮት ተቀበለን፥ ቡናም አፈላልን፥ የምንለውንም እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ከዚያም «አስብበታለሁ፤ የዘንድሮው ቡና ይለቅ» አለን። ወራቱ የሚያልቀው በታኅሣሥ ነው።