ስለ ኀፍረትና ስለ ፍጥነት

ኀፍረት ከሰው ልጅ ጠባይ ጋር አብሮ የተፈጠረ ነገር ነው። ነገር ግን ሰው ሊያፍርበት የሚገባውን ትቶ በማያሳፍረው ሲያፍር ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህን ለመመርመር ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ የመኪና መንገድ ይበቃናል።

በአገራችን በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 የአሽከርካሪ ጥፋት በመዝገብ እንዲጠራቀም፣ የተጠራቀመበትም ሰው መንጃ ፈቃዱ ታግዶ የተሐድሶ ሥልጠና እንዲወስድ ደነገገ። በእንግሊዝ አገርም ከተወሰነው ፍጥነት ጥቂት ያለፈ ሰው፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ በመቀጮ ፈንታ ለጥቂት ሰዓት ስለ ፍጥነት ትምህርት እንዲሰማ ይደረጋል።

በቋራ ወረዳ በገለጉ ከተማ ሰሊጥ የሚያመላልስ አንድ አሽከርካሪ አውቃለሁ። በፍጥነት ምክንያት ብዙ ጊዜ ተቀጥቷል፤ መቀጮውንም በሻይ ቤት ተቀምጦ እየሳቀ ያወራው ነበር። ሥልጠና ግባ በተባለ ጊዜ ግን፣ በኋላ ራሱ እንደ ነገረኝ፣ ለጎረቤቶቹ «ዘመድ ልጠይቅ ጎንደር መሄዴ ነው» ብሎ ወጣ። ስለ ምን? መቀጮ እንደ ገበያ ነው፤ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ዕዳ የለብኝም ብሎ ቀና ብሎ ይሄዳል። ከተማሪ ወንበር ላይ መቀመጥ ግን «አታውቅም» መባል ነው፤ ያውም ጠጕሩ የሸበተ አባወራ ልጁ በሚሆን መምህር ፊት።

እንግዲህ እንጠይቅ። ሥልጠናው ማንም በማያውቀው አገር ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ያፍር ነበርን? አያፍርም ነበር። እንግዲያውስ ያ ኀፍረት ይሉኝታ እንጂ የኅሊና ወቀሳ አልነበረም። ይሉኝታን መናቄ አይደለም፤ ዳኛ በሌለበት መንደር የስንቱን እጅ ከክፉ ሥራ ይዞ ያቆየ እርሱ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ የሚሠራው ዓይን ባለበት ብቻ ነው። በቆላው ረጅም መንገድ፣ በምሽት ጊዜ፣ የሚያይ ዓይን የለም። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ በመንገዱ ዳር በእግሩ ይጓዛል፤ ከብት የሚነዳ ልጅም ከቁጥቋጦው ድንገት ብቅ ይላል። እነዚህን የሚጠብቅ ፖሊስም ጎረቤትም በዚያ የለም፤ የሚጠብቃቸው በአሽከርካሪው ልብ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

«ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሰሊጥ ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋልና በአጨዳው መቸኮል ብልህነት ነው። ነገር ግን ታጭዶና ተራግፎ በጆንያ የገባ ሰሊጥ ከእንግዲህ አይረግፍም። ሒሳቡንም እንይ። 60 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ 60 ደቂቃ፣ በሰዓት 80 ለሚሄድ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ትርፉ 15 ደቂቃ ነው። በ80 የሚነዳ ሰው ግን አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ በምታልፈው አንዲት ሰከንድ ብቻ 22 ሜትር ይጓዛል። ፍጥነቱም እጥፍ ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እነሆ፣ 15 ደቂቃውን የሚያተርፈው አሽከርካሪው ነው፤ 22 ሜትሩን የሚከፍለው ግን ከብት ነጂው ልጅ ነው። በራስ ሀብት መቸኮልና በሰው ነፍስ መቸኮል ለየቅል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፣ በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ያልቃል። የሚያሳፍረው ይህ ነው እንጂ ትምህርቱ አይደለም።

ሕዝባችን ከአደጋው ብዛት የተነሣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ጠራቸው። ስሙ ምሬት ያለበት ቀልድ ነው፤ ግን ጥፋቱን ከሰው አንሥቶ በብረት ላይ ይጭናል። ብረት ደግሞ አያፍርም፤ አይማርምም።

ፕላቶን «ጎርጊያስ» በተባለው መጽሐፉ፣ በድሎ ከቅጣት የሚያመልጥ ሰው ሐኪም ፈርቶ እንደሚሸሽ በሽተኛ መሆኑን ሶቅራጥስ ሲያስረዳ ያሳያል። የእኛም አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ያ አሽከርካሪ ሥልጠናውን ሲደብቅ የጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም። ረዳቱ ነገ መሪ የሚጨብጥ ጎረምሳ ነው። ይህ ልጅ ጌታው በመቀጮ ሲስቅ ሰምቷል፤ በሥልጠናው የተማረውን ግን አልሰማም። ስለዚህ የወረሰው ሣቁን ብቻ ነው።

አርስቶትል ኀፍረት ለወጣት ይገባል አለ፤ ወጣት በስሜት ይነዳልና ኀፍረት ይገታዋል። በዕድሜ የገፋው ግን ከመጀመሪያው የሚያሳፍር ሥራ መሥራት ስለማይገባው፣ በማፈሩ አይመሰገንም አለ። እኔ ግን በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ማፈሩ ባያስመሰግነውም፣ ሳይደበቅ ከወንበሩ ተቀምጦ የሚማር ሽማግሌ ምስጋና ይገባዋል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ኀፍረትን አትጣሉ፤ ጊዜዋን ግን አስተካክሉ። ከጥፋቱ በኋላ በሰው ፊት ሳይሆን ከጥፋቱ በፊት፣ እግራችሁ ነዳጅ መስጫውን ሊረግጥ ሲል ትምጣላችሁ። ከሥልጠና በተመለሰው ሰው ላይም አትሣቁ፤ ይልቁንስ «ምን ተማሩ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ነገ ለእናንተ ያስፈልጋችኋል።