ንስርና ጥንብ አንሣ፦ ክብር ከስም ነውን?

«ንስር» የሚለውን ስም የወረስነው ከግዕዝ ነው። በዕብራይስጥ «ኔሼር»፥ በዐረብኛ «ነስር» የሚሉት ቃላት ዘመዶቹ ናቸው። ቃሉ አንድ ሲሆን ትርጉሙ ግን ይለያያል። እኛ ንስር ስንል አድኖ የሚበላውን ኃያል ወፍ እናስባለን። ዐረቡ «ነስር» ሲል ግን ጥንብ የሚበላውን ትልቅ አሞራ ማለቱ ነው፤ ለአዳኙ ወፍ «ዑቃብ» የሚል ሌላ ስም አለው።

የዕብራይስጡስ ወፍ የትኛው ነው? ነቢዩ ሚክያስ በምዕ. 1፥16 ስለ ራሱ መላጣነት ይናገራል። የንስር ራስ ደግሞ ላባ የለበሰ ነው፤ መላጣ የሚመስለው የጥንብ አንሣ ራስ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕ. 39ም ይኸው ወፍ ሬሳ ባለበት እንደሚገኝ ተጽፏል። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ኔሼር ሁለቱንም፥ ይልቁንም ጥንብ አንሣውን የሚያመለክት ነው ይላሉ። ወደ ግሪክኛ ሲተረጐም ግን «አኤቶስ» ማለት ንስር ተባለ።

እንግዲህ እናስተውል። በኦሪት ዘጸአት ምዕ. 19 እግዚአብሔር እስራኤልን ተሸክሞ ማውጣቱ የተመሰለበት ክንፍ፥ ዛሬ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው አሞራ ክንፍ ሊሆን ይችላል። ወፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ አጠራር ነው።

«ጥንብ አንሣ» የሚለው ስም በእውነቱ ስድብ አልነበረም፤ ሥራውን የሚናገር ስም ነው። ይህ ወፍ ሌላውን የሚገድል ተሐዋስ በጨጓራው አሲድ ያጠፋል፥ ሜዳውንም ከበሽታ ያጸዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 በአፍሪካ የሚኖሩ 4 የጥንብ አንሣ ዓይነቶች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመድበዋል። አራቱም በአገራችን ይገኛሉ። ከሚያልቁባቸው ምክንያቶች ዋነኛው መርዝ ነው።

በሰውም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ቆዳ የሚፍቀውን «ፋቂ» ብለን ሥራውን ስድብ አደረግነው። «ጠይብ» የሚለው ቃል የወጣው «ጠቢብ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ሆኖ ሳለ፥ ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራልንን ሰው መናቂያ ሆነ። በማረሻው አርሰን እየበላን ከሠሪው ጋር መጋባትን እንጸየፍ ነበር፤ ዛሬም ይህ ንቀት ፈጽሞ አልጠፋም።

«ታዲያ ንስርን ከጥንብ አንሣ አንለይ?» የሚል ቢኖር፥ መለየትስ ይገባል። ስም የተሰጠው ለመለየት ነው። ጥፋቱ ከመለየት አልፎ በስሙ መናቅ ነው። ንስርም ቢሆን ጥንብ ሲያገኝ ይበላል፤ ስሙ ግን ይሸፍንለታል። ከመካከላችንም በተከበረ ስም ተሸፍኖ የሚኖር፥ በተናቀም ስም እየተጠራ አገር የሚያጸዳ አለ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ መንገድ የሚጠርገውን፥ ቆሻሻ የሚያነሣውን ሰው ስናገኝ በምን ስም እንደምንጠራው እንጠንቀቅ። የምናወጣው ስም ከተጠሪው ይልቅ የጠሪውን ልብ ይገልጣልና።