መቶ ስምንቱ የቪሽኑ ሥፍራዎች፦ በሁሉ ያለውን አምላክ ለመሳለም የሚደረግ ጉዞ

አምላክ በሁሉ ቦታ አለ ብሎ የሚያምን ሰው እርሱን ለመሳለም ሩቅ አገር የሚሄደው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መንፈሳዊ ጉዞን በሚያከብሩ ሃይማኖቶች ሁሉ ዘንድ የሚነሣ ቢሆንም፣ ስሪ ቫይሽናቫ በሚባሉት የደቡብ ሕንድ ሂንዱዎች ዘንድ የተለየ ክብደት አለው። እነዚህ አማኞች ቪሽኑን የዓለማት ሁሉ መገኛና ጠባቂ፣ እንደ ነፍስም በፍጥረት ሁሉ ውስጥ የሚኖር ልዑል አድርገው ያመልኩታል፤ ይሁን እንጂ መቶ ስምንት የተወሰኑ ቦታዎችን ለይተው «ዲቪያ ዴሳም»፣ ማለትም መለኮታዊ ሥፍራ፣ ብለው ሰይመዋል፤ እነዚህን ዞሮ መሳለም የዕድሜ ልክ ምኞታቸው የሆነ ብዙዎች ናቸው። የጉዞው ዝርዝርና አካሄድ በጥሞና ሲመረመር ለጥያቄው መልስ የሚሆን ሐሳብ በውስጡ ይገኛል።

ዝርዝሩን ያወጣው ንጉሥም ጉባኤም አይደለም። ከ6ኛው እስከ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም በታሚል ምድር የኖሩ፣ አልቫር የሚባሉ ዐሥራ ሁለት ቅዱሳን ባለቅኔዎች ቪሽኑን በአገራቸው ቋንቋ አመሰገኑት፤ ናታሙኒ የተባለው መምህርም መዝሙሮቻቸውን በአራት ሺህ ስንኞች ሰብስቦ በቤተ መቅደስ ከቬዳ መጻሕፍት ጋር እንዲዜሙ አደረገ። አንድ መቅደስ ከመቶ ስምንቱ የሚቆጠረው በግዝፈቱ ወይም በሀብቱ ሳይሆን ከእነዚህ ባለቅኔዎች ቢያንስ አንዱ በመዝሙሩ ስላነሣው ነው፤ በመላው ሕንድ ስመ ጥር የሆነው የፑሪው ጃጋናት እንኳ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከባለቅኔዎቹ መካከል አንዷ አንዳል የተባለች ሴት ስትሆን፣ ቲሩፓን የተባለው ደግሞ ወደ መቅደስ መግባት ከተከለከለ ወገን የተወለደ ነበር፤ ትውፊቱ እንደሚተርከው ከመንገድ ያባረረው ካህን በኋላ ከአምላኩ በመጣ ትእዛዝ በትከሻው ተሸክሞ አስገብቶታል።

እ.ኤ.አ. በ1017 እንደ ተወለደ የሚነገርለት ፈላስፋው ራማኑጃ በመራው ትምህርት ቤት ቪሽኑ በአምስት መንገድ እንደሚኖር ይታመናል። አንደኛው ቫይኩንታ በተባለው ሰማያዊ ዓለም ያለበት ልዕልና ነው፤ ሁለተኛው ዓለማትን ለመፍጠር፣ ለመጠበቅና ለማሳለፍ የሚገለጥበት ኃይል ነው፤ ሦስተኛው እንደ ራማና እንደ ክሪሽና ወደ ምድር ወርዶ የታየበት ነው፤ አራተኛው በእያንዳንዱ ፍጡር ልብ ማደሩ ነው፤ አምስተኛው «አርቻ» ይባላል፤ ይኸውም በሥርዐት በተቀደሰ የድንጋይ፣ የእንጨት ወይም የብረት ምስል ውስጥ ለመኖር ፈቃዱን የሰጠበት ነው። ከራማኑጃ በኋላ የተነሣው ፒላይ ሎካቻርያ እነዚህን መንገዶች ለተጠማ ሰው በውኃ መስሎ አስረድቷቸዋል፤ በልብ ያለው አምላክ ተቆፍሮ እንደሚወጣ የከርሰ ምድር ውኃ፣ በቫይኩንታ ያለው ከዓለም ዳርቻ ወዲያ እንዳለ ውኃ፣ ወደ ምድር ወርዶ የታየው በዘመኑ ለደረሱት ብቻ እንደ ጠቀመ የወንዝ ሙላት ሲሆን፣ አርቻ ግን ሙላቱ ካለፈ በኋላ በወንዙ ጎድጓዳ ቦታ ቀርቶ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንደሚጠጣው ውኃ ነው። ፍጻሜው ቅርጽ የሌለው እውነት ነው በሚሉ ሌሎች የሂንዱ ፍልስፍናዎች ምስል ላልበረታ አእምሮ መወጣጫ ተደርጎ ሲታይ፣ በዚህኛው ትምህርት ግን አምላክ ራሱን ዝቅ ያደረገበት የመጨረሻው የምሕረት ደረጃ ነው። እንግዲህ ተሳላሚው የሚጓዘው አምላክ በቤቱ ስለሌለ አይደለም፤ በልቡ ያለውን ቆፍሮ ማውጣት ለአብዛኛው ሰው ስለሚከብድ እንጂ።

የጉዞው ዕቅድ ይህንኑ ትምህርት ይከተላል። ከመቶ ስምንቱ 105ቱ በሕንድ፣ አንዱ በኔፓል ሲገኙ፣ የሚበዙት በታሚል ናዱ ስለሆኑ ብዙ ተሳላሚ ጉዞውን የሚጀምረው ከካቬሪ ወንዝ አካባቢ ነው፤ በጥንቱ የቾላ ነገሥታት ምድር ብቻ 40 ያህል ስላሉ ኩምባኮናም ከተማን ማረፊያ አድርጎ በርካታዎቹን በጥቂት ቀናት መሳለም ይቻላል። ነገር ግን ብዙዎቹ መቅደሶች ከቀትር እስከ ዐሥር ሰዓት ግድም አምላኩ ያርፋል ተብሎ ስለሚዘጉ የቀኑን ውሎ የሚወስነው መንገደኛው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። በሂማላያ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ባድሪናት ከኅዳር ወር ግድም ጀምሮ በበረዶ ምክንያት ተዘግቶ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጀመሪያ ይከፈታል፤ የሚያገለግለው ዋና ካህንም በጥንት ልማድ ከደቡብ ጫፍ፣ ከኬራላ፣ የሚመጣ ነው። በኔፓል ያለው ሙክቲናት ወደ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ የሂንዱና የቡድሃ አማኞች በጋራ የሚሳለሙት ሲሆን፣ በ108 አሸንዳዎች የሚወርደው የበረዶ ያህል የቀዘቀዘ ውኃ ተሳላሚውን ሁሉ ያጠምቃል። በካንቺፑራም ደግሞ ከሾላ ዘር እንጨት የተሠራ የቫራዳራጃ ምስል በኩሬ ውስጥ ተቀምጦ በ40 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከታየ በኋላ ዳግመኛ የወጣው በ2019 ሲሆን ለ48 ቀናት ታይቶ ወደ ኩሬው ተመልሷል። ይህን ለማየት የሚያቅድ ሰው ዕድሜውንም ማስላት ይኖርበታል።

በመቅደሱ ውስጥ የሚሆነው ነገር አጭር ነው። በካቬሪ ደሴት ላይ ባለው፣ ከሁሉ ቀዳሚ ተደርጎ በሚቆጠረው በስሪራንጋም፣ ተሳላሚው ሰባት ቅጥሮችን እያለፈ በእባብ አልጋ ላይ ወደ ተጋደመው የቪሽኑ ምስል ይደርሳል፤ በቲሩቫናንታፑራም ያለው ምስል ርዝመት ስላለው በአንድ እይታ አይዳረስምና ፊቱ፣ እምብርቱና እግሩ በሦስት በሮች ተከፋፍለው ይታያሉ። ካህኑ ጥቂት ቅዱስ ውኃ በመዳፍ ያፈስሳል፤ ቱላሲ የተባለውን የበሶብላ ዓይነት ቅጠል ይሰጣል፤ የአምላኩ እግር የተቀረጸበትን የብረት ቆብም ለቅጽበት በተሳላሚው ራስ ላይ ያሳርፋል። ይህ ሁሉ የደቂቃዎች ነገር ሲሆን ለዚህ ቀናት መጓዝ ብክነት ለሚመስለው ሰው አማኙ የሚሰጠው መልስ፣ ዋናው ነገር ሰው አምላኩን ማየቱ ብቻ ሳይሆን በአምላኩ መታየቱም ነው የሚል ነው።

ሆኖም ከትውፊቱ ከራሱ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ከአልቫሮቹ ሁሉ የበላይ የሚባለው ናማልቫር በታምራባራኒ ወንዝ አጠገብ በአንድ የሮቃ ዛፍ ሥር ከመቀመጥ በቀር የትም እንዳልሄደ፣ የየመቅደሱ አማልክት ራሳቸው እየመጡ እንዳስዘመሩት ይተረካል፤ ቲሩማንጋይ የተባለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ዞሮ የብዙዎቹን መቅደሶች ውዳሴ አዚሟል። ትውፊቱ ሁለቱንም ሲያከብር ጉዞ ብቸኛው የመዳን መንገድ ነው የሚለውን ሐሳብ አስቀድሞ ዘግቶታል ማለት ነው። ሌላው ተቃውሞ ከታሪክ የሚመጣ ነው፤ አምላክ ማንም እንዲደርስበት ብሎ በድንጋይ ካደረ፣ ከዝቅተኛ ወገን የተወለዱትን ከበር መመለስ ትምህርቱን የሚያፈርስ ነበር። የቲሩቫናንታፑራምን መቅደስ ይጠብቁ በነበሩት በትራቫንኮር ነገሥታት ግዛት መቅደሶች ለሂንዱዎች ሁሉ በዐዋጅ የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1936 ብቻ ነው።

ከመቶ ስምንቱ የቀሩት ሁለቱ በምድር ላይ የሉም፤ አንደኛው ቪሽኑ ያርፍበታል የሚባለው የወተት ባሕር፣ ሁለተኛው ቫይኩንታ ራሱ ነው። በዚህም ምክንያት በሕይወት ያለ ተሳላሚ ከመቶ ስድስቱ በላይ አይደርስም፤ የቀሩትም ከሞት በኋላ በጸጋ የሚሰጡ እንጂ በእግር የሚደረስባቸው አይደሉም ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ይህን ጉዞ የሚያቅድ ሰው የተሳለማቸውን መቅደሶች ብዛት የጽድቁ መለኪያ ቢያደርግ ዝርዝሩ ራሱ ይፈርድበታል፤ ትምህርቱ እንደሚለው ረጅሙን መንገድ አስቀድሞ የመጣው አምላኩ ነውና፣ ከተሳላሚው የሚጠበቀው የቀረውን አጭር መንገድ በትሕትና መሄድና ከኋላው ለሚመጣው በሩን አለመዝጋት ነው።