ኩላሊት የሚያመላልሰው

ፈጣሪ ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን ያውቃል ሲባል እየሰማሁ አደግሁ። ልብ ማሰቡስ ይሁን፤ ኩላሊት ግን ምን ያመላልሳል? እኔ የማውቀው ኩላሊት በግ በታረደ ቀን ከእሳት ዳር የሚቀመሰውን ብቻ ነበር።

ቃሉ ምን ያህል ልክ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። በሽንት የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ የቀረው ወደ ደም ይመለሳል። ከፈሳሹ ጋር ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ጨው ይወርዳል፤ እሱም ጥቂቱ ሲቀር ይመለሳል። ማመላለስ ይሏል ይህን ነው!

ብዙው ጨው ገና በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ይመለሳል። የመጨረሻዋን ቁንጥር የምትወስነው በማጣሪያው ቱቦ መጨረሻ አካባቢ ያለች፣ ኤናክ የተባለች በር ናት። አልፋ፣ ቤታና ጋማ የሚባሉ ሦስት ፕሮቲኖች ተቃቅፈው ይሠሯታል፤ ሶዲየምን ታሳልፋለች፣ ፖታሲየምን ትከለክላለች።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ግራንት ሊድል ከባልደረቦቻቸው ጋር የአንድ ቤተሰብ ነገር አሳተሙ። ወንድምና እህት ናቸው፤ ገና በወጣትነታቸው የደም ግፊታቸው ወጥቷል፣ ፖታሲየማቸው ወርዷል። እንዲህ ሲሆን የሚጠረጠረው አልዶስቴሮን ነው፤ ኩላሊትን «ጨው ያዝ» ብሎ የሚያዝዘው ይህ ሆርሞን ነውና። ሲለካ ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። አዛዡ ሳይኖር ትእዛዙ ይፈጸማል። አልዶስቴሮንን የሚያግደው መድኃኒት አልፈየደም፤ ትራያምተሪን የተባለው ግን ግፊቱን አወረደው። ሊድል ጥፋቱ ከራሱ ከኩላሊቱ ነው አሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ታማሚ ኩላሊቷ ደክሞ የሌላ ሰው ኩላሊት ሲተካላት ሕመሙ ለቀቃት።

በ1994 የዘረ መል ተመራማሪው የሪቻርድ ሊፍተን ቡድን ምሥጢሩን ከዘረ መሉ ውስጥ አወጣው። ከኤናክ ሦስት ፕሮቲኖች የአንዱ፣ የቤታ፣ ጅራት ተቆርጧል። በሌሎች ቤተሰቦች ደግሞ ጅራቱ ሙሉ ነው፤ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ተለውጧል። የጎደለ ነገር እንዴት ሥራ ያበዛል?

በዚያ ጅራት ላይ ሦስት ፕሮሊንና አንድ ታይሮሲን ያሉባት አጭር ምልክት አለች። ኔድ4-2 የሚባል ፕሮቲን ያችን ምልክት ፈልጎ ይጨብጣል፤ ጨብጦም በሯ ላይ ዩቢኩቲን የተባለ የ76 አሚኖ አሲድ ማኅተም ይመታል። የታተመች በር ከሕዋሱ ግድግዳ ተነቅላ ወደ ውስጥ ትገባለች፤ እዚያም ልትፈርስ ትችላለች። አዲሷ ስትተከል አሮጌዋ ስትነቀል፣ ግድግዳው እንዲህ ሲታደስ ይኖራል። ምልክቷ ከጠፋች ግን ነቃዩ የሚጨብጠው ያጣል። በሮቹ ይከማቻሉ፤ ጨው ይገባል፣ ውሃ ይከተለዋል፣ የደም ግፊት ይወጣል።

ስለ ፍጥረት ስናደንቅ ሁልጊዜ ስለ መሠራት ነው የምናወራው። እኔን ያስገረመኝ መነቀሉ ነው። በሯን ያበጀ ጥበብ የምትነሣበትንም ምልክት ከጅራቷ ላይ ጻፈ፤ ያችን ምልክት የሚያነብ እጅም አዘጋጀ። እጁም ቢሆን ብቻውን አልተተወም። ሰውነት ጨው ሲያጣ አልዶስቴሮን ይነሣል፤ በእሱ የተቀሰቀሰ ኤስጂኬ1 የተባለ ፕሮቲን ኔድ4-2 ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ያን ጊዜ 14-3-3 የሚባል ሌላ ፕሮቲን መጥቶ ኔድ4-2ን ይይዘዋል፤ በሮቹም ለጊዜው ከመነቀል ይድናሉ። (ስሙ የስልክ ቁጥር ይመስላል፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሊቃውንቱ ስም ቢመርጡ ምን ነበረበት?) ነቃዩን የሚይዝ፣ ያዡን የሚጠራ፣ ጠሪውን የሚቀሰቅስ፤ ሁሉም በጭብጥ፣ ያለ ድምፅ።

ዛሬ ምሳ ላይ የሽሮው ጨው በዝቶ ነበር። ባለቤቴ «ይቅር በለኝ፣ እጄ ከበደ» አለችኝ። አሁን አልዶስቴሮኔ ዝቅ እያለ፣ ኔድ4-2 ከያዡ እጅ እየተፈታ፣ በሮቹም በየተራ እየተነቀሉ ይሆናል። እኔ አንድ ጣሳ ውሃ ጠጥቼ ጋደም ብያለሁ።